ያልተነከረው አቡጀዲ

ከብርዳማው ጣርማ በር ቁልቁል የመጣው አውቶብስ ሸዋ ሮቢት ሲቆም ተሳፋሪው ከነጃኬቱ ነው የሚወርደው። ገና ደረጃው ላይ ሳለ ጃኬቱን ያወልቃል፣ መሬት ሲረግጥ ሹራቡን፤ ከዚያ ልብሱን በክንዱ ታቅፎ፣ ምን ዓይነት አገር ገባሁ በሚል ዓይን ዙሪያውን ያያል። እኔ ይህን ትርኢት ከስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጬ በየቀኑ በነፃ እመለከታለሁ። የምሠራው ከአስፋልቱ ዳር፣ በአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ነጋዴውን ጋሼ እላቸዋለሁ። በረንዳውን የሰጡኝ ደንበኛ ትስብልኛለች ብለው እንደሆነ ይናገራሉ፤ እኔ ግን ብቻቸውን መዋል ስለማይሆንላቸው ይመስለኛል።

ለብዙ ዓመታት ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት፣ የሱሪ እግር ማሳጠርና የተበላሸ ዚፕ መቀየር ነበር። ዚፕ የቀየረን ሰው ማንም አያመሰግነውም፤ ዚፑ እንደገና ሲበላሽ ግን ይረገማል። እኔ ደግሞ መመስገን እወዳለሁ። ይህን ደብቄ አላውቅም። ከራሴ ጭንቅላት የወጣ፣ ሰው አይቶት «ይሄን ማን ሠራው?» የሚልለት አንድ ነገር መሥራት ያምረኝ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ማንጎ ነው። አንዲት ተሳፋሪ የገዛችው ማንጎ ፌስታሉን ቀዶ መሐል መንገድ ላይ ተበተነ። ግማሹ ከአውቶብሱ ሥር ገባ፣ ግማሹ ቁልቁል ተንከባለለ፤ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ለቀማ ወጡ። ከለቃሚዎቹ ለባለቤቷ የመለሰው ጥቂቱ ነው። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ስቄ ስጨርስ ሴትዮዋን አየኋት፤ የተቀደደውን ፌስታል ይዛ ቆማለች። ያን ጊዜ ፌስታል ሊከለከል ነው የሚለው ወሬ በየሱቁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለትራስ ልብስ ብዬ ነክሬና አድርቄ ካስቀመጥኩት አሮጌ አቡጀዲ ቆርጬ የመጀመሪያዋን ቦርሳ ሰፋሁ። እንድትጠነክር ብዬ ከታጠበ ማዳበሪያ ጆንያ ገበር አደረግሁላት።

ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርትና ማሾ የሚሸጡ እትዬ የምላቸው እናት አሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ከአንድ የቆላ መንደር ነው የሚመጡት፤ የመንደራቸው ሴቶች ሁሉ በገበያ ቀን የሚሰሙት እሳቸውን ነው። ቦርሳዋን ሰቅዬ ሳያት ተሻግረው መጡ።

«ምንድነው ደግሞ ይሄ?»

«ቦርሳ ነው እትዬ።»

«ለሙሽራ ነው ለሽንኩርት?»

«ለሁሉም ይሆናል።»

«ለሁሉም ብሎ ነገር የለም። ነጭ ደግሞ ለገበያ?»

«ይታጠባላ!» አልኳቸው።

ይዘዋት ሄዱ። ሽንኩርት ጠቀጠቁባት፣ አንጠልጥለው ናጧት፣ ከዚያ ጥፋቷን እየቆጠሩ መለሱልኝ። ታቿ ጠባብ ነው፣ ስትቀመጥ ትወድቃለች። ማንገቻዋ አጭር ነው። «ገበያ የምትውል ሴት ሁለት እጅ ነው ያላት፤ አንዱ ሚዛን፣ አንዱ ስልክ ይይዛል። ቦርሳው ራሱን ችሎ ይንጠልጠል እንጂ!» አሉኝ። ተናድጄ ነበር፤ ትችት አልወድም። ነገር ግን ልክ ነበሩ። ታቿን አሰፋሁት፣ ማንገቻዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ጎን ተሻግራ እንድትወርድ አስረዘምኩት፣ ለስልክ ከውስጥ ኪስ አበጀሁላት። አፏ ዙሪያ በቀይ ክር የማሽላ ዘለላ በእጄ ጠለፍኩ። የማሽላውን ንድፍ ከየትም አላየሁትም፤ ከራሴ ነው። አሁን እንኳ ስጽፈው ደስ ይለኛል። ያቺን ናሙና ሰው እንዲያያት በረንዳው ላይ ሰቀልኳት።

እትዬ ለሁለት ቀን አዩዋት፤ በሦስተኛው ቀን መጡ። «ሃያ አራት ሴቶች ነን። ለአረፋ እንዲደርስልን። ዋጋውንም ጥንካሬውንም ሲጠይቁኝ እኔ አለሁ ብያቸዋለሁ፤ በኔ ይሁንባችሁ ብያለሁ። እንዳታሳፍሪኝ።»

ሃያ አራት! ከጋሼ ሱቅ አንድ ሙሉ ጣቃ አዲስ አቡጀዲ አስወረድኩ።

አዲስ አቡጀዲ ተነክሮ ካልደረቀ መቀስ አይነካውም። ይህን የማያውቅ ሰፊ የለም፤ መጀመሪያ ውሃ ያየ ዕለት ይሰበሰባል፣ አስቀድሞ ካልሰበሰቡት በኋላ ጉድ ይሠራል። በዚያ ሳምንት ግን የቧንቧ ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። በጋሪ የሚመጣውን መግዛት እችል ነበር። ሃያ አራት ቦርሳ፣ ዘጠኝ ቀን፣ ሃያ አራት የማሽላ ጥልፍ በእጅ... ትንሽ ቢሰበሰብ ምን ይሆናል አልኩና ቆረጥኩት።

ጋሼ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው መቀሱን ሰሙ። «ነክረሽዋል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«መቼ?»

«ሥራዬን ሊያስተምሩኝ ነው እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው ቆጣ ብዬ። ሰው ሲዋሽ ቁጣው ይበረታል። እሳቸውም ወደ ውስጥ ገቡ።

ለአረፋ ሁለት ቀን ሲቀር አስረከብኩ። እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበትን ቀን ማስታወስ ይቸግረኛል። ሴቶቹ ቦርሳውን እየነጠቁ፣ እየተለካኩ፣ «የኔው ማሽላ ይበልጣል» እየተባባሉ በረንዳውን አተራመሱት። በአንድ ባጃጅ ስድስት ሴት ከስድስት ነጭ ቦርሳ ጋር ገብተው ሲሄዱ የሆቴል አስተናጋጆች ሳይቀሩ ወጥተው አዩ። አንዱ «ማኅበር ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥርሴን መክደን አቃተኝ።

በዓሉ አልፎ በሦስተኛው ቀን እትዬ ብቻቸውን መጡ። ከነጠላቸው ሥር አንድ ነገር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ያንዷ ጎረቤታቸው ቦርሳ ነው። ማለቴ፣ ነበር። ውጪው አቡጀዲ ተኮማትሮ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ውስጡ ያለው የማዳበሪያ ገበር ግን ውሃ ቢነካውም አይሞቀውም አይበርደውም፣ እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ በአፉ በኩል ተነፍቶ ወጥቷል፣ በጎን በኩል ተኮራምቷል። ማሽላዬ ተጨማዶ አባጨጓሬ መስሏል።

«ሁሉም እንዲህ ሆኑ፤ የኔም ጭምር» አሉኝ። «የአረፋን ሥጋ ለዘመድ ያዳረስነው በነሱ ነው። ሞራ ነካቸው፤ በማግሥቱ ሁላችንም አጠብናቸው። ሙቅ ውሃ ሳናበዛ አልቀረንም። የጉድጓዳችን ውሃ ደግሞ ጨዋማ ነው፣ የነካውን ሁሉ ያኮማትራል፤ ጥርግ ይበል! ሴቶቹ እኮ አፍረዋል፣ ልጅቷ የለፋችበትን አበላሸንባት እያሉ።»

አፌ ተከፈተ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልነከርኩትም ሊል ነበር የተከፈተው። ተመልሶ ተዘጋ።

«ያምጧቸው፤ አስተካክላለሁ» አልኩ።

«አላህ ይጨምርልሽ የኔ ልጅ! አላህ እጅሽን ይባርክ!» ብለው መረቁኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ምርቃት የከበደኝ ስድብ የለም።

በገበያው ቀን መጡ። የመጀመሪያዋ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «አበላሸንብሽ» ብላ ሄደች። ቦርሳውን ሳነሳው ከበደኝ። ከፍቼ ባይ በማሾ ተሞልቷል። «ዕቃሽን ረሳሽ!» ብዬ በባጃጆቹ መሐል እየተሹለከለክሁ አባረርኳት። ስደርስባት በሳቅ ፈረሰች፤ አልቀበልም አለች። ዞር ስል ሁለት ሴቶች ደግሞ ቦርሳቸውን አኑረው እየሄዱ ነው። በአንዱ ሎሚ፣ በሌላው ጭድ ውስጥ የተቀመጡ እንቁላሎች።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ወደ ማዶ ጮህኩ።

«አንቺ ከተሜ! ባዶ ዕቃ ሰው ቤት ይገባል እንዴ?»

ደንቡንስ አውቀዋለሁ። ጎረቤት ወጥ የላከችበት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ይህን እናቴ በቁንጥጫ ነው ያስተማረችኝ። ተበላሽቶ ለጥገና የመጣ ቦርሳም እንደ ሳህን ይቆጠራል ብዬ ግን አላሰብኩም። እነሱ ቆጠሩት። ማንጎ መጣ፣ ኦቾሎኒ መጣ፣ ሕፃን የሚያክል ፓፓያ ከተኮማተረው አፍ ግማሽ አካሉን አውጥቶ መጣ። ካንዱ ቦርሳ ውስጥ ዶሮ አንገቷን አስግጋ ዙሪያውን ታያለች። ስፈታት ከስፌት መኪናዬ ሥር ገብታ አልወጣም አለች፤ መርገጫውን በረገጥኩ ቁጥር ትቆጣኛለች። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሰፊ ነሽ ወይስ የእህል መጋዘን?» ይሉኛል። መንገደኛው ይቆማል፣ ይስቃል፣ ሎሚው ስንት ነው ይለኛል። እኔም እስቃለሁ፤ መሳቅ ባልነበረብኝ ቀን እንዴት አድርጌ እንደሳቅሁ!

ሃያ አራተኛዋ ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ በኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ነበረች። ቦርሳዋን ገለበጠችና አራገፈችው። ምንም አልወደቀም።

«ባዶ ነው። አውቄ ነው ባዶውን ያመጣሁት» አለችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ሌላ ሰው አልሰማም። «ይህን የገዛሁት ለአማቴ ነው። ታጥቦ ሲያዩት 'የልጅ መጫወቻ ነው እንዴ የገዛሽልኝ?' አሉኝ፣ በዓመት በዓል፣ ሰው ፊት። ባሌ ሸማኔ ነው። ጨርቁን ዳሰስ አድርጎ ምን እንዳለ ልንገርሽ?»

«ይቅርብሽ፣ አትንገሪኝ» አልኳት።

«ይሻላል» ብላ ሄደች።

ሳምንቱን ሙሉ ሰፋሁ። የእያንዳንዱን ቦርሳ ጎን ተረተርኩና የተሰበሰበውን ያህል የሚሞላ ባለቀለም ጨርቅ ከላይ እስከ ታች አስገባሁበት። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ነክሬያለሁ፤ ውሃውን በጋሪ ገዝቼ። ከጋሼ ሱቅ ጥግ የተጣለው ቁርጥራጭ ሁሉ ሥራ አገኘ፦ ቢጫ ባለ ነጠብጣብ፣ ወይን ጠጅ፣ የመጋረጃ ትራፊ፣ የቀረ የዩኒፎርም ሰማያዊ። ነጩ መሐል ላይ ያ ቀለም ሲገባ ቦርሳው ከመጀመሪያው ይበልጥ አማረ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ጥፋቱ ባይኖር እንዲህ ያለው ንድፍ በሕልሜም አይመጣልኝም ነበር። አንዱን ጨርሼ ሌላውን የማነሳው እንደ ልጅ እየቸኮልኩ ነው። ባዶ ዕቃ አይመለስምና ለእያንዳንዳቸው ከዚያው ቁርጥራጭ አንድ አንድ የስልክ ማኖሪያ ሰፋሁ፣ በየቦርሳቸውም ከተትኩ። እኔ ማሳ የለኝም፤ የማበቅለው ይኸው ነው።

የአማትየው ቦርሳ ግን ሲያልቅም አላለቀልኝም። ማኖሪያውን ልክተትበት ወይስ አልክተትበት? ብከት ዝም እንድትልልኝ የምደልላት ይመስላል፤ ባልከት ቂም ነው። ጠግኜ ለሁሉም ብመልስና ዝም ብል ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል፤ ሴቶቹ ጉድጓዳቸውን እየረገሙ እኔን ይመርቃሉ፣ የምታውቀው አንዲቷ ብቻ ናት። ብናገር ደግሞ እትዬ በኔ ይሁንባችሁ ብለው የቆሙበት ቃል ይወድቃል፤ ከዚያ መንደር አንዲት ሴት እንኳ ተመልሳ ቦርሳ ስፊልኝ አትለኝም፤ ወደ ዚፔ እመለሳለሁ። ከሁሉ የከበደኝ የእትዬ ነበር። በመጨረሻ ማኖሪያውን ከተትኩት።

በሚቀጥለው ገበያ ሴቶቹ ተሰብስበው መጡ። ባለቀለሙን ጎን ሲያዩ እልል ያለችም አለች። አንዷ ከሌላዋ ጋር ቀለም ልትለዋወጥ ትጨቃጨቃለች። ረጅሟ ሴት ግን ቦርሳዋን ከፈተች፣ ማኖሪያውን በሁለት ጣቷ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ይሄን አልወስድም። የሞላሁልሽ ነገር የለም።»

እትዬ፣ «ምን ነካሽ አንቺ? ደግ ሠርታልሽ!» ብለው ተቆጧት። ሴትየዋ እኔን ታያለች። እዚያች ላይ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ እሷን አይቆጧት» አልኩ። «ውሃው አይደለም። ሙቅ ውሃም አይደለም፣ ጉድጓዱም አይደለም። አቡጀዲውን ሳልነክር ነው የቆረጥኩት። ቸኩዬ ነው። መንከር እንዳለብኝ እያወቅሁ ነው። እናንተ አበላሸንብሽ ስትሉኝም ዝም አልኩ። ጋሼ፣ እርስዎንም ዋሽቻለሁ።»

ጋሼ ከሱቃቸው ውስጥ ሆነው፣ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ እኔማ ያን ቀን አውቄያለሁ፣ ጠብታ ውሃ እንኳ በረንዳው ላይ አልነበረም» አሉ።

የእትዬ ግን ፊታቸው ተለወጠ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ። አለቀልኝ አልኩ። «አስተግፊሩላህ!» አሉ። «እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን ጉድጓድ ስረግም ነው የከረምኩት! አባቶቻችን የቆፈሩትን!»

መጀመሪያ የሳቀችው ዶሮዋን ያመጣችው ናት። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። «ጉድጓዱን ይቅር በለን እንበለው» ትላለች አንዷ፤ «ዶሮዬን መልሺ» ትላለች ባለዶሮዋ፣ እየሳቀች ዓይኗን ትጠርጋለች። እትዬም ሲታገሉ ቆይተው ተሸነፉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ አንቺ ደግሞ አፍሰሽ እኛን አስለቀምሽን» ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። መታ ሲያደርጉኝ ያመቁት ቁጣ ገና እንዳለበት ተሰማኝ። ይገባኛል።

ረጅሟ ሴት አልሳቀችም። ከጎኗ ካለው ፌስታል ተጣጥፎ የተቀመጠ ጨርቅ አወጣች። በእጅ የተሸመነ ነው፣ ወፈር ያለ፣ ጠርዙ አረንጓዴ ጥለት።

«ባሌ የሸመነው ነው» አለችኝ። «ለአማቴ አዲስ ቦርሳ ትሰፊላቸዋለሽ። እውነቱን ካልተናገረች ይዘሽው ተመለሽ ብሎኝ ነበር። ግን እዚሁ፣ እኔ እያየሁ ትነክሪዋለሽ።»

ሳፋ አወጣሁ፣ ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳሁ። ከመንከሬ በፊት ጨርቁን በክንዷ ለካችው፤ ስምንት ክንድ ሆነ፣ ጮክ ብላ ቆጠረች። ዘፈዘፍኩት፣ በደንብ አሸሁት፣ ጨመቅሁት፣ በረንዳው ገመድ ላይ አሰጣሁት። እሷ የኔ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆምኩ። ገበያ የመጡት ሴቶች ሽንኩርታቸውን ትተው ጨርቅ ሲደርቅ ለማየት ቆሙ፤ አንዷም አልሄደችም። የሮቢት ፀሐይ ሰው አያስጠብቅም። ማንጎ ተላጠ፣ ተቃመሰ፣ ጋሼ ሳይጠሩ መጥተው ከማንጎው ወሰዱ፤ ማንጎው አልቆ እጃችንን ስንታጠብ ጨርቁ ደረቀ።

አውርዳ እንደገና በክንዷ ለካችው። አንድ፣ ሁለት... ሰባት ላይ ጨርቁ አለቀ፣ የቀረው ከጣቶቿ አይዘልም። ሴቶቹ «ወይ ጉድ!» አሉ። እሷ ክንዷን አየች፣ ጨርቁን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ በዚያ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ፣ የመለሰችውን የስልክ ማኖሪያ አንስታ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«በይ፣ አሁን ቁረጪ» አለችኝ።

መቀሴን አነሳሁ። ደስ እያለኝ ከጥለቱ ጎን ቆረጥኩ።